ጠንካራ የቬፕ ፈሳሽ ቤታችሁ ውስጥ ካለ

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ስትመጣ የግላኮማ ጠብታዋን ይዛ መጣች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን የመታጠቢያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ታናሽ ወንድሜም የቬፕ ጁሱን፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው ውስጥ የሚሞላውን ፈሳሽ፣ የሚያስቀምጠው እዚያው ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንገቷን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ፣ በግራ እጇ የታችኛውን የዓይን ቆቧን ወደ ታች ስባ ይዛለች። በቀኝ እጇ የያዘችው ጠርሙስ ላይ የማንጎ ሥዕል አለ።

«እማዬ፣ ቆይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ? ጠብታዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ጠብታዋ አልነበረም። በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ነበር። ክዳኑ ልጅ እንዳይከፍተው ተደርጎ የተሠራ ነው። ወንድሜ ግን ሞልቶ ሲጨርስ በደንብ አልዘጋውም። እሷ መነጽሯን አውልቃለች፣ መብራቱም ደብዛዛ ነው። ሁለቱም ጠርሙሶች ትንንሽ ፕላስቲክ ናቸው፤ አፋቸው ቀጭን፣ ሲጫኗቸው ጠብ የሚሉ። እማዬ ምንም አላጠፋችም።

ከዚያ ማታ በኋላ ቁጭ ብዬ ነገሩን አጠናሁት፤ የቤታችንንም አያያዝ ከላይ እስከ ታች ለወጥን። እዚህ የምጽፍላችሁ ያንን ነው። ቬፕ ይጠቅማል ይጎዳል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ፈሳሹ ቤታችሁ ካለ፣ ወይም የሚያጨስ ሰው ቤታችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ይህ ዕቃ ከሽቶ ወይም ከመድኃኒት ጋር አይቀመጥም። እንደ በረኪናና እንደ ፀረ ተባይ ነው የሚያዘው።

አሁን አደጋ ደርሶ ከሆነ ይህን ክፍል ብቻ አንብቡ

ልጅ ወይም አዋቂ ፈሳሹን ከዋጠ፣ ጠርሙሱን ከእጁ ውሰዱ። አፉ ውስጥ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። እንዲያስታውክ አታስገድዱት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። ራሱ ካስታወከ ግን ትን እንዳይለው ወደ ጎን አዙሩት።

ወተት አትስጡት። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት መርዝ ሲባል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወተት ነው። ጥሬ እንቁላል፣ ዘይት፣ ቡና፣ ምንም ነገር ቢሆን፣ ባለሙያ ሳይነግራችሁ አትስጡ። ልጁ መንቀጥቀጥ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ሆዱ የገባው ሁሉ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ ደውሉ። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ላይ ፖይዝን ኮንትሮልን፣ የመርዝ ማዕከሉን፣ ታገኛላችሁ። ነፃ ነው፣ ሌትና ቀን ይሠራል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል። የሚጠይቋችሁ የሰውዬው ዕድሜና ክብደት፣ ምን ያህል እንደዋጠ፣ መቼ እንደሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ስንት እንደሆነ ነው። ስለዚህ ስትደውሉ ጠርሙሱ እጃችሁ ላይ ይሁን። ሆስፒታል ከሄዳችሁም ይዛችሁት ሂዱ።

የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ፣ ወደ ፖይዝን ኮንትሮል አትደውሉ። በቀጥታ 911 ነው። አምቡላንሱ እስኪደርስ በጎኑ አስተኙት።

ሌላ አገር ላላችሁ፦ በእንግሊዝ 999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በእስራኤል 101 ትደውላላችሁ፤ ሐይፋ ያለው የራምባም ሆስፒታል የመርዝ መረጃ ማዕከልም በ04-7771900 ይመልሳል።

ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ ወዲያው አውልቁ። ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ለብ ያለ የቧንቧ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጡት። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅ ያለቅሳል፣ እናንተም ትደክማላችሁ፣ ግን አታሳጥሩት። አጥባችሁ ስትጨርሱ ደውሉ።

ምልክቶቹ ምን ይመስላሉ?

ኒኮቲን ቶሎ ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። መጀመሪያ የሚመጣው ማቅለሽለሽና ማስታወክ ነው። ምራቅ ይበዛል፣ ፊት ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ራስ ይዞራል።

ቀጥሎ ያለው ግን ሰውን የሚያታልለው ነው። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ሁለተኛ ምዕራፍ አለው። የልቡ ምት ይቀንሳል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይልፈሰፈሳል፣ ትንፋሹ ይደክማል። እንግዲህ አስቡት፤ ሲያስታውክና ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ድንገት ጸጥ ሲል እናት «ተመስገን፣ ተኛልኝ» ትላለች። ያ ጸጥታ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ያስታወከ ልጅ ዝም ካለ፣ ነካ ነካ አድርጋችሁ ቀስቅሱት። ካልነቃ 911።

ለኒኮቲን የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ትንፋሹን መደገፍ፣ መንቀጥቀጡን ማስቆም፣ ልቡን መከታተል ነው። ለዚህ ነው ቶሎ መድረስ ሁሉ ነገር የሚሆነው።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ

አሁን ረጋ ብለን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። መለያው ላይ ያለው ቁጥር በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዳንዱ በመቶኛ ነው፣ ለምሳሌ 5%። አንዳንዱ ደግሞ ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ ለምሳሌ 50። ሁለቱም በግምት አንድ ናቸው። መቶኛውን በ10 አባዙት፣ ሚሊ ግራሙ ይመጣላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «3» የሚል ጠርሙስ 3 ሚሊ ግራም ከሆነ ቀላል ነው። 3% ከሆነ ግን 30 ሚሊ ግራም ነው፣ አሥር እጥፍ። ጓደኛ «እኔ 3 ነው የምጠቀመው» ካላችሁ የትኛው 3 እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ቁጥሩን በጠርሙሱ መጠን አባዙት። ባለ 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ 50 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ ውስጡ 1,500 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከዚሁ ጠርሙስ አንድ ማንኪያ 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ተጠቅመው ከሚጥሉት ዲስፖዘብል ውስጥ 13 ሚሊ ሊትር ባለ 5% የሚይዙ አሉ፤ ያ 650 ሚሊ ግራም ነው። ለማነጻጸር፣ አንድ ተራ ሲጋራ ሲያጨስ ሰው ደሙ ውስጥ የሚያስገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።

የድሮ መጻሕፍት አዋቂን የሚገድለው 60 ሚሊ ግራም ነው ይላሉ። የኦስትሪያው የግራዝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቤርንት ማየር እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ቁጥር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች በራሳቸው ላይ ካደረጉት ሙከራ እንደመጣ አሳይቶ፣ እውነተኛው መጠን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። አንዳንድ አጫሾች ይህን እየጠቀሱ «ተጋንኗል» ይላሉ። እኔ ግን ይህ አያጽናናኝም። ክርክሩ ስለ አዋቂ ነው። የአንድ ዓመት ልጅ 10 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሕፃን፣ በ2014 ደግሞ ኒው ዮርክ ግዛት ፎርት ፕሌን በምትባል መንደር የአንድ ዓመት ሕፃን ይህን ፈሳሽ ጠጥተው ሞተዋል።

ትንባሆ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከብት አፍንጫ ውስጥ አልቅት ሲገባ የትንባሆ ቅጠል ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጠብ ይደረግበታል። አልቅቱ ይለቃል። ያ እንግዲህ ቅጠል በውሃ ነው። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ተጣርቶ የወጣው ኒኮቲን ነው፣ ያውም የማንጎና የእንጆሪ ሽታ ተጨምሮበት።

ሁለተኛ፦ ፈሳሹ ከመሣሪያው ጋር ይሂድ

ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜ «ሶልት» የሚባሉት፣ የተሠሩት ፖድ ለሚባሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ነው። ትንሹ ፖድ በአንድ ሳብ ጥቂት ጭስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ታንክ የሚባለው ትልቁ መሣሪያ ግን ደመና ነው የሚያወጣው። 50 የሚለውን ፈሳሽ ትልቁ ታንክ ውስጥ የጨመረ ሰው በአንድ ሳብ የሚወስደው ኒኮቲን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሶልት ደግሞ ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ ስለዚህ በዛብኝ ብሎ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ለትልቅ ታንክ 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም የተለመደው ነው። ከዚያ በላይ አትጨምሩ።

አጫሹ ራሱ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ መሣሪያውን ያስቀምጥ። ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ። መኪና አይንዳ። ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል። ደረቱን ከወጋው፣ ከተምታታበት ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሐኪም ይፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ቬፕ ካጨሱ በኋላ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ስለደረሰባቸው 35 ሰዎች ሪፖርት እንደደረሰው ገልጾ ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ቬፑ መንስኤው መሆኑን አረጋግጫለሁ አላለም፣ ግን ሕዝብ እንዲያውቀው ፈለገ። እኔም እናንተ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ሦስተኛ፦ የሚቀመጥበት ቦታ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 እስከ መጋቢት 2023 ባለው አንድ ዓመት ብቻ የአሜሪካ የመርዝ ማዕከላት በኢ-ሲጋራ ምክንያት ከ7 ሺህ በላይ ጉዳዮችን መዝግበዋል። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ቁልፍ ያለው ሣጥን ግዙ። ቁልፍ ያለው የመሣሪያ ሣጥን ወይም ባለ ኮድ የመድኃኒት ሣጥን ይሆናል። ፈሳሹም፣ መሣሪያውም፣ መለዋወጫ ፖዱም፣ ባዶ ጠርሙሱም እዚያ ይግባ። ባዶ የሚመስለው ጠርሙስ ግድግዳው ላይ የቀረው ጠብታ አለ፤ ሕፃን ደግሞ ጫፉን ይጠባል። ሣጥኑ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። የሁለት ዓመት ልጅ ወንበር ገፍቶ ካውንተር ላይ እንደሚወጣ የልጅ እናት ሁሉ ታውቃለች።

ልጅ የማይከፍተውን ክዳን በተመለከተ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በፀደቀ ሕግ የኒኮቲን ፈሳሽ መያዣዎች እንደዚያ እንዲሠሩ አስገድዳለች። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ክዳኑ የሚሠራው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ነው። ስትዘጉት አልዞር እስኪል ድረስ አጥብቁት፣ ከዚያ ሳትጫኑ ለመክፈት ሞክሩ። ሳይከፈት ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ተዘግቷል።

ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት። ይህ የእኛ የቆየ ልማድ ነው። ሃይላንድ ባዶውን አይጣልም፤ ዘይት ይገባበታል፣ ጋዝ ይገባበታል፣ አረቄ ይገባበታል። እማዬ ከአገር ቤት ስትመጣ ጠበል ያመጣችልን በትንንሽ የመድኃኒት ጠርሙሶች ነው። ቅባ ቅዱስም እንደዚያው። መለያ የሌለው ትንሽ ጠርሙስ ቤታችን ውስጥ የሚከበር ነገር ነው፤ ሰው አንስቶ ይቀባዋል፣ ይጠጣዋል። ስለዚህ ይህ ፈሳሽ ከመጣበት ጠርሙስ አይውጣ። መለያው ከተላጠ በፕላስተር ላይ በአማርኛ በትልቁ «መርዝ» ብላችሁ ለጥፉበት። አያቶች እንግሊዝኛውን ላያነቡት ይችላሉ፣ የማንጎውን ሥዕል ግን ያያሉ።

ከዓይን ጠብታ፣ ከጆሮ ጠብታ፣ ከልጅ ሽሮፕ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አይሁን። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት። ሙቀትና ፀሐይ ኒኮቲኑን ያበላሻል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። ነገር ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የተቆለፈ ሣጥን ይበቃዋል። ምግብ ያለበት ቦታ ምንም ሥራ የለውም።

ሌላው እንግዳ ነው። ክርስትና፣ ልደት ወይም ቡና ሲኖር ኮትና ቦርሳ ሁሉ የሚከመረው መኝታ ቤት አልጋ ላይ ነው። ልጆቹም የሚጫወቱት እዚያው ነው፣ ኮቱ ላይ እየተንከባለሉ። ከኮት ኪስ የወደቀ ዲስፖዘብል ሃይላይተር ይመስላል፣ አንዳንዱ ያበራል፣ ይሸታል፣ ሲስቡት ደግሞ ይሠራል። እኛ ቤት አሁን የእንግዳ ኮት የሚገባው የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። «ቬፕ የያዘ ካለ እዚህ ከላይ ያስቀምጥልኝ፣ ልጅ አለ» ብዬ በር ላይ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሰው ይከፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ሰው አልተከፋም።

አራተኛ፦ ስትሞሉ

ልጆች ሲተኙ ሙሉ። ወጥ ቤት ውስጥ አይሁን፣ የምትበሉበት ጠረጴዛም ላይ አይሁን። ጥሩ መብራት፣ ክፍት መስኮት፣ ከሥር ፔፐር ታወል የተነጠፈበት ትሪ ያስፈልጋል። ትሪው ለዚህ ብቻ ይሁን፤ ቡና አይቀርብበት። ናይትራይል የሚባለውን ጓንት አድርጉ፣ ፋርማሲ ውስጥ በሣጥን ይሸጣል።

ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። የትንባሆ ለቃሚዎች ጤዛ ያለበትን ቅጠል በባዶ እጃቸው ሲለቅሙ ውለው ማታ የሚያስታውኩት ለዚህ ነው፤ በሽታው የራሱ ስም ያለው፣ በሕክምና የታወቀ ነው። ባለ 3 ሚሊ ግራሙ ጣት ላይ ጠብ ቢል ታጥቦ ያልፋል። 50 ከሆነ ግን ወዲያው ታጠቡ። ቁስል ያለበት እጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ያለ ጓንት አትንኩት።

ጨርሳችሁ ጓንቱን ከውጭ ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ አውልቁ። ጠርሙሱን ጥረጉት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከጥፍር ሥር ጭምር። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። ከዚያም አልፎ እናጎርሳለን። ማታ ወንድሜ ታንኩን ሞልቶ፣ ሱሪው ላይ እጁን ጠረግ አድርጎ፣ የእህቴን ልጅ ሲያጎርሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ አላስተዋልኩትም።

100 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ያለውን ፈሳሽ ገዝተው ቤት የሚበጠብጡ አሉ፣ ርካሽ ስለሚመጣ። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ልጅ፣ ሽማግሌ ወይም ውሻ ያለበት ቤት ይህ አይግባ። አንድ ሚሊ ሊትሩ 100 ሚሊ ግራም ነው። ያተረፋችሁት ገንዘብ ለዚህ አይበቃም። የተዘጋጀውን፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ግዙ። አሁን ቤታችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትክፈቱት፤ ብቻችሁን ሆናችሁም አትክፈቱት።

ከፈሰሰ

ልጅና እንስሳ ከክፍሉ ይውጡ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። በፔፐር ታወል ከዳር ወደ መሃል ሰብስቡት፣ እንዳይስፋፋ። ቦታውን በሳሙና ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡ። የጠረጋችሁበትን በሁለት ከረጢት አሥራችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ቆሻሻ አውጡ። ምንጣፍ ላይ ከሆነ የእርጥበቱ ቦታ ታጥቦ እስኪደርቅ ሕፃን አይዳህበት። የነካውን ልብስ ለብቻው እጠቡ።

ውሻችሁ ጠርሙስ ወይም ፖድ ካኘከ አትጠብቁ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያምመው ይችላል። ለእንስሳት የተለየ የመርዝ መስመር አለ፣ 888-426-4435፤ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ።

በሥራ ቦታ ለምታገኙት

ከእኛ ሰው ነዳጅ ማደያና ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ብዙ ነው። ካርቶን ስትከፍቱ የተሰበረ የቬፕ ጠርሙስ ካገኛችሁ፣ እርጥበቱን በባዶ እጅ አትንኩ። ጓንት ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ካርቶኑን ራቅ አድርጋችሁ አለቃችሁን ጥሩ። ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ፣ ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አሜሪካ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ቬፕ መሸጥ አይቻልም። «ለአጎቴ ነው» ቢልም መታወቂያ እዩ።

በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ መኝታ ቤት ስታጸዱ ጠረጴዛ ላይ የሚያጣብቅ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር ካገኛችሁ በስፖንጅና በጓንት አጽዱት። አትቅመሱት፣ አታሽቱት። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ኒኮቲን ወደ ፅንስም ወደ ጡት ወተትም ያልፋል። ትንሽ ልጅ እናንተ ዘንድ ከሆነ ዕቃውን ከፍ አድርጋችሁ ለእመቤቲቱ ንገሩ።

ስትገዙና ስትጓዙ

የአውሮፓ ኅብረት በመመሪያው የኒኮቲን ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ የመሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግሊዝም ይህንኑ ትከተላለች። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ጁል የተባለውን ምርት ያገደችው ከ20 በላይ ስለነበር ነው። አሜሪካ ግን እንደዚህ ያለ ጣሪያ የላትም፤ 50 በየሱቁ አለ። ስለዚህ ከአሜሪካ ለዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱት ጠርሙስ ለእሱ ከለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ አትውሰዱ። በምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኢ-ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም የተከለከለ ነው። ሰው ቢለምናችሁም እንቢ በሉ። ሻንጣ ውስጥ ሲፈስ ደግሞ ከልጆች ልብስ ጋር ነው የሚገናኘው።

ስታስወግዱ

ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ ሽንት ቤትም አትልቀቁት። የቀረው ፈሳሽ በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ዚፕሎክ ውስጥ ገብቶ የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ቦታ ይሄዳል። በየካውንቲው አለ። እኛ በሞንጎመሪ ካውንቲ ሼዲ ግሮቭ ያለው ጣቢያ ነው የምንወስደው፣ ከአሮጌ ቀለምና ከባትሪ ጋር። ዲስፖዘብሉም የሊቲየም ባትሪ ስላለው ተራ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም፤ የቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። እስክትወስዱት ድረስ እዚያው ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ይቆይ።

እኛ ቤት ሣጥኑ ያለው ቤዝመንት፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ኮዱን የምናውቀው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። እሱ አሁን ከ50 ወደ 20 ወርዷል፣ በራሱ ፈቃድ። የፖይዝን ኮንትሮል ቁጥር ፍሪጁ ላይ በማርከር ተጽፎ ተለጥፏል፤ የጻፈችው እማዬ ናት። የዓይን ጠብታዋ ላይ ደግሞ ቀይ ክር አሥራበታለች። ማታ መብራት ሳታበራ በጣቷ ዳብሳ ክሩን ካላገኘች አትከፍተውም።